ሰው የሌለበት ግቢ

ሸዋገነት እናቷ ካረፉ በኋላ አባቷን አቶ ክንዴን ከመካነ ብርሃን አምጥታ ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር ባለው የኪራይ ቤቷ አስቀመጠቻቸው። እሷ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የኮምፒውተር ግራፊክስ ታስተምራለች፤ ጠዋት ወጥታ ማታ ትገባለች። እሳቸው የሚያናግሩት ሰው አጥተው በረንዳ ላይ ይውላሉ። ማታ ሲገናኙም "እንዴት ዋሉ?" "እንዴት ዋልሽ?" ተባብለው ወደየመኝታቸው ይሄዳሉ።

አንድ ቅዳሜ፣ ቢያጫውታቸው ብላ የአገር ቤቱን ግቢ በኮምፒውተር ሣለችላቸው። ከላይ ሲያዩት የሚመስለው ጠፍጣፋ ሥዕል ነበር፤ ቤቱ፣ በረቱ፣ አጥሩ። ቁልፍ ስትነካ ሦስት በሦስት የተደረደሩ ቁጥሮች፣ ማትሪክስ የሚባሉት፣ እያንዳንዱን ነጥብ ወስደው ሥዕሉን ያዞሩታል፣ ያሰፉታል፣ ወዲያ ወዲህ ያንሸራትቱታል።

"ሸጋ ነው" አሉ አቶ ክንዴ። ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብለው፣ "ምነው በሩ አይታይም?"

በሩ እንዲታይ ቤቱ ከፍታ ያስፈልገዋል። ማትሪክሱ ወደ አራት በአራት አደገ። በጠፍጣፋው ሥዕል ቤቱ የሚዞርበት ዘንግ አንድ ነበር፤ አሁን ሦስት ሆነ፣ የትኛው እንደሚቀድምም ለውጥ ያመጣል። ሸዋገነት ከሥራ ስትመለስ በየማታው እዚያ ላይ ትቀመጥ ጀመር።

አዲሱን መጀመሪያ ያሳየቻቸው ቀን ተሳሳተች። ቤቱን አዙራ በቦታው ማስቀመጥ ሲገባት፣ መጀመሪያ አስቀምጣ ኋላ አዞረችው። ቤቱ ባለበት መዞሩን ትቶ ግቢውን ይዞር ጀመር፤ በረቱን ሰንጥቆ አለፈ። አቶ ክንዴ ሳቁ። ከቀብሩ ወዲህ ሲስቁ ሰምታቸው አታውቅም፤ ስህተቱን ለማረም እጇ ዘገየ።

ቅደም ተከተሉን ስታስተካክል ቤቱ ጸጥ ብሎ ቆመ። በሩን ወደሳቸው አዞረችው፤ አስገብታም እስከ ምድጃው ወሰደቻቸው።

ብዙ ተመለከቱ። "ሁሉም አለ። ሰው ብቻ የለበትም።"

"ሰው መሥራት ከባድ ነው፣ አባዬ።"

"አውቃለሁ፣ ልጄ። እዚህ ሆኜ ሳስበው እናትሽ እዚያ ያለች እየመሰለኝ ነበር፤ ለካ የለችም።" ዓይናቸውን ከስክሪኑ አነሱ። "ቢሆንም ብመለስ ይሻለኛል። እዚያ ጎረቤት እንኳ ብቅ ይልልኛል።"

ሻንጣቸውን አዘጋጀችላቸው። በማግሥቱ መናኸሪያ ወስዳ ወደ መካነ ብርሃን በሚያደርሳቸው የደባርቅ አውቶቡስ አሳፈረቻቸው። አውቶቡሱ ሲወጣ እጇን አነሳች፤ እሳቸው ግን አጠገባቸው ከተቀመጠው ሰው ጋር ጨዋታ ጀምረው ነበርና አላዩዋትም። ወደ ማራኪ በእግሯ እየሄደች ስልኳን አወጣች። የምትደውልለት ሰው ብታስብ ብታስብ አልመጣላትም።