ቢልቂስ ሹክ ያለቻቸው ስሞች

እናት ልጇ በሰው ፊት አንደበቷ ሲተሳሰር ከማየት የከፋ ነገር ያለ አይመስላትም። ቢልቂስንም ያሳሳታት ይኸው ነው።

ልጇ ሂንድ መካ ውስጥ፣ ነካሳ ሰፈር ዳገቱ ላይ ተወልዳ ያደገች ወጣት ናት። ስታወራ ጎረቤቱን ሁሉ በሳቅ ታፈርስ ነበር። ባለፈው ረመዳን ግን ቃላት ይጠፉባት ጀመር። ማንኪያውን እያየች «ያ... ያንን ነገር አቀብሉኝ» ትላለች። ጂዳ ወስደው ሲያስመረምሯት ዶክተር ፉአድ አንጎሏ ውስጥ፣ ከግራ ጆሮዋ በላይ ዕጢ አገኘ።

ዶክተሩ የወሎ ሰዎች ልጅ ነው። ሂንድንና ወላጆቿን አስቀምጦ በአማርኛ አስረዳቸው።

«ዕጢው ያለው ንግግር በሚያድርበት ሰፈር ነው። የትኛው ቦታ ለንግግር እንደሚሠራ ደግሞ በዓይን አይለይም። ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት መንገዱን የጠረጉልን ሐኪሞች መላ ዘየዱ። በሽተኛው ነቅቶ እያወራቸው ጭንቅላቱን ከፍተው ይሠራሉ። አንጎል ራሱ ሲነካ አያምም። በቀጭን ኤሌክትሪክ እየነኩ ሥዕል ያሳዩታል። የሥዕሉ ስም ከጠፋበት፣ እዚያ ቦታ ቢላ አያሳርፉም። እኛም የምናደርገው ይህንኑ ነው።»

«ነቅታ?» አለ አባቷ አብዱረሺድ። ፔትሮሚን በሚሉት የጋራዥ ሰፈር መኪና ጠጋኝ ነው። «እኛ እንኳ ሞተር የምንፈታው አጥፍተን ነው!»

«እኔ ካጠፋሁት የቱ እንደሚሠራ በምን አውቃለሁ፣ ጋሼ?»

ሂንድ ቤቷ የምታወራው አማርኛ ስለሆነ፣ በዐረብኛ ብቻ መፈተኗ አልበቃም። ነርሷ ማርያማዊት ለቢልቂስ ሥዕሎች ሰጠቻት። «እትዬ፣ ቤት እየደጋገሙ ያሳዩአት። ያልጠራችውን ያውጡት። የምንፈልገው ዘወትር የምታውቀውን ብቻ ነው።»

ቢልቂስ እሺ አለች። ሆዷ ውስጥ ግን አንዲት ጎረቤቷ ያወራችው ነበር፤ ቃላት ያለቁባትን በሽተኛ ሐኪም «ጊዜው አልፏል» ብሎ ይመልሳታል የሚል።

የማጭድ ሥዕል ሲመጣ ሂንድ ዝም አለች። የመካ ልጅ ማጭድ የት አይታ!

«ማ...» አለች ቢልቂስ።

«ማንጎ!»

«እኔ በጭንቀት ላልቅ፣ አንቺ ትቀልጃለሽ! ማጭ...»

«ማጭድ! እማ፣ ይኼ ግን ኩረጃ አይሆንም?»

«እናት ልጇን ብትረዳ፣ ወላሂ፣ ኩረጃ አይባልም።»

ማጭድ ከሥዕሎቹ መካከል አልወጣም። ወንፊትም፣ ቀንበርም አልወጡም። በመጨረሻ ማርያማዊት ራሷ ስትፈትናት እንኳ ቢልቂስ ከነርሷ ጀርባ ቆማ በከንፈሯ ትጠቁም ነበር። ሂንድ ሁሉንም ጠራች። አብዱረሺድም «ልጄ እንደ ውኃ ነው የምታወርደው» እያለ ለፔትሮሚን ሰው ሁሉ አወራ።

በቀዶ ሕክምናው ቀን ባልና ሚስት በር በሩን እያዩ ተቀመጡ። ድንገት ማርያማዊት ብቅ አለች።

«እትዬ ቢልቂስ፣ ማጭዱ አቃታት። ዶክተሩ ቦታውን ሲነካም ሳይነካም አልጠራችውም፤ ግራ ገብቶታል። ቦታው የንግግር ከሆነ ዕጢውን እዚያው ትቶ መዝጋቱ ነው። ቤት ታውቂው ነበር ወይ ስላት፣ እማን ጠይቂያት አለችኝ።»

የቢልቂስ ፊት ጋለ። ባሏ ቀደማት፤ «ታውቀዋለች እንጂ! ይኼ ምን ይጠየቃል?»

ማርያማዊት ልትመለስ ዞረች። ዝም ማለት እንዴት ይቀል ነበር!

«አታውቀውም» አለች ቢልቂስ። «እኔ ነኝ ሹክ ያልኳት።»

«ሌላስ አለ?»

«ወንፊት... ቀንበር... ሙቀጫ...» እያንዳንዱን ስም ስትጠራ ድምጿ እየሟሸሸ ሄደ። ማርያማዊት አልተቆጣችም፤ እየሮጠች ገባች። ብትቆጣት ይሻላት ነበር።

«ሐኪም ታታልያለሽ?» አለ አብዱረሺድ።

«ፈርቼ ነው። አይሆንም ብለው እንዳይመልሷት።»

«ልጅቷ ጭንቅላቷ ተከፍቶ ተኝታ!» ተነሥቶ ሌላ ወንበር ላይ ተቀመጠ። እስከ መጨረሻው ወደ እሷ አልዞረም።

ዶክተር ፉአድ ሲወጣ ላብ በላብ ነበር። «በምታውቃቸው ሥዕሎች እንደገና ፈተንናት። ቦታው የንግግር አልነበረም። እጄ የደረሰበትን ዕጢ አውጥቻለሁ፣ አልሐምዱሊላህ። በዚያ ማጭድ ምክንያት ግን ልተወው ነበር።»

«አፉ በለኝ፣ ዶክተር።»

«ኸላስ፣ አልፏል። ከእንግዲህ ሥዕል ለእናት አልሰጥም» አለ። እየቀለደ ይሁን ከልቡ ይሁን አልለየላትም።

በማግስቱ ቢልቂስ ከልጇ አልጋ አጠገብ ተቀመጠች።

«እማ፣ ምነው መሬት መሬት ታያለሽ?» አለች ሂንድ።

ቢልቂስ የብርድ ልብሱን ጠርዝ ማስተካከል ጀመረች።

«ነገርሻቸው አይደል?»

«ነገርኳቸው።»

«መናገር የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ማርያማዊት ስትጠይቀኝ አፈርኩና ወደ አንቺ ላክኋት።»

ቀስ እያለች ነው የተናገረችው፤ ግን አንድም ቃል አልጠፋባትም። ቢልቂስ ልጇ እንዲህ ስታወራ ከሰማች ወራት አልፈዋል። እልል ልትል ይገባት ነበር። እሷ ግን የብርድ ልብሱን ጠርዝ ደጋግማ እያስተካከለች፣ ቀና ሳትል ቆየች።