በዘንጉ ላይ የተጠመጠመው

ጀልባዋ ከውሃ ተጎትታ ግንድ ላይ ስትሰቀል የሚወጣው ሽታ አፍንጫን አልፎ ጉሮሮ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። የበሰበሰ ቅጠል፣ ጭቃ፣ የሞተ ዓሣ፣ በዚያ ላይ የተቃጠለ ዘይት። ሰው ሁሉ መካኒኳ ይህን ሽታ ለምዳዋለች ይላል። አልለመደችውም። አባቷ በሕይወት እያለ «የሚጠየፍ ሰው መካኒክ አይሆንም» ስላላት፣ ፊቷን ሳታጨማድድ መጠየፍ ብቻ ነው የተማረችው።

ታናሽ ወንድሟ ጫማው እንዳይበላሽበት ደረቁ መሬት ላይ ቆሟል። ተሳፋሪዎቹ «ጮሌው» ነው የሚሉት፤ እሱም ሲጠሩት ደስ ይለዋል።

«ትንሽ አሸዋ ነክቶኝ ነው እታለም» አላት። «ትንሽ። እንዲያው ጫፉን።»

«ሰው ጭነህ ነበር?»

«የምን ሰው! ባዶዬን እየተመለስኩ።»

አባታቸው ሲሞት ጀልባዋን ለወንድ ልጁ፣ መጠገኛውን ለሴት ልጁ ትቶ ነው የሄደው። ዘመድ አዝማድ ክፍፍሉን ሲያመሰግን ሰምታለች። እውነትም ሥራው እኩል ነው፤ እሱ ይሰብራል፣ እሷ ትጠግናለች።

በርከክ ብላ ፕሮፔለሩን አየችው። ከሦስቱ ክንፎች አንዱ ጫፉ እንደ ውሻ ጆሮ ታጥፏል። ሁለተኛው ዳሩ ተሸርፏል። ሦስተኛው ደህና ይመስላል። የብሎን መፍቻ አነሳችና በጀርባው ተራ በተራ መታቻቸው። የታጠፈው ጠራ ያለ ድምፅ ሰጠ፤ የተሸረፈውም እንደዚያው። ደህና የሚመስለው ግን እንደ ተሰነጠቀ ገንቦ «ድፍ» አለ። በጨርቅ ጠርጋ ሥሩ ላይ ስታስተውል፣ ከፀጉር የቀጠነች ስንጥቅ አገኘች።

«ይሄ አይቃናም። የአባባ መጠባበቂያ ይገባል።»

«ይግባ! መቼ ያልቃል?»

ጠመኔ አወጣችና ጫፉን ወደ ፕሮፔለሩ ዘንግ አስጠግታ፣ በሌላ እጇ ዘንጉን ቀስ አድርጋ አዞረችው። ቀጥ ያለ ዘንግ ዙሪያውን እኩል ነጭ ይሆናል። ይሄኛው በአንድ ጎኑ ብቻ ተቀባ፤ ጎብጧል። ዘንጉ የሚዞርበትን ጎማ በጣቷ ስትዳስስ አሸዋው እንደ ሞረድ በልቶት ጥርስ አውጥቷል። አሸዋ ነክቶ ያለፈ ጀልባ እንዲህ አይሆንም። ይሄ አሸዋ ላይ ወጥቶ፣ አልወርድ ሲል የኋላ ማርሽ አስገብቶ ሞተሩን ሲያስጮህ የቆየ ሰው ሥራ ነው።

ከፕሮፔለሩ ጀርባ የውሃ ሣርና የዓሣ ማጥመጃ ክር ተጠምጥሟል። በፒንሳ ይዛ ጎተተችው። ሣሩ በእጇ ላይ ፈረሰ፤ ዝልግልጉ በክንዷ ወረደ። ከሣሩ ሥር ጨርቅ አለ። በቢላዋ እየቆረጠች ስታወጣው ሰማያዊ ሻሽ ሆኖ ተገኘ፤ ዘንጉ ፈትሎ ገመድ አድርጎታል፣ ግማሹ በሙቀት ቀልጦ ተጣብቋል። በመሃሉ ፀጉር ነበረ። የሰው ፀጉር፣ ረጅም፣ ከነሥሩ የተነቀለ።

ወደ አጥሩ ሄዳ አስመለሳት። ስትመለስ ወንድሟ ይስቃል።

«አንቺ ደግሞ! ሻሽ አይተሽ?»

«የማን ነው?»

«የልብስ ሰፊዋ ነዋ። ብታዪያት ኖሮ እኮ በሳቅ ትሞቺ ነበር!» አንገቱን ይዞ፣ ዓይኑን አፍጥጦ የሴት ጩኸት ጮኸ። «እንዲህ! ልክ እንደ ዶሮ!»

«ባዶዬን ነበርኩ አላልክም?»

«እንግዲህ ተይው። በአቋራጭ ስሄድ አሸዋው ያዘኝ። ውረዱና አግዙኝ አልኳቸው። ገሚሱ ከፊት ይገፋል፣ ገሚሱ ከኋላ ይጎትታል። እኔ ምን ላድርግ፣ ቁጭ ብዬ ልያቸው? በሞተር ረዳኋቸው።»

«ከኋላ ሰው እያለ?»

«ሻሿን ውሃ ውስጥ ያንዘላዘለችው እሷ ናት! ደግሞ ተርፋለች። አንዱ ከአንገቷ ላይ በጠሰላት።»

ወንድሟ የተቀባው ሽቶ ከጭቃው ሽታ ጋር ተደባልቆ መጣባት፤ ከሁለቱ የጭቃው ተሻላት።

እናታቸው ምሳ ይዛ ስትገባ ሻሹ ብረት መያዣው ሞርሳ አጠገብ ተዘርግቶ ነበር። አየችው፤ ግን ምንድን ነው ብላ አልጠየቀችም። ሳህኑን አስቀምጣ በዳንቴል ሸፈነችው። መካኒኳ የዚያን ጊዜ ገባት።

«ታውቂ ነበር፣ እማዬ።»

«ነግሮኛል። ሄጄም ጠይቄያታለሁ፣ ሌላ ሻሽ ይዤላት። ደህና ናት እኮ፤ ድምጿ ትንሽ ሻክሯል እንጂ።»

«አፏን እንድትይዝ ነው የወሰድሽላት?»

«ገበና አይወጣም፣ ልጄ። ወንድምሽ ነው። ነገ የሚበላው በዚህች ጀልባ ነው። ይልቅ ብይ፣ ይቀዘቅዛል።»

ምሳውን ለማየት እንኳ አልቻለችም። እናቷ በዚያ እጇ ነው ለልብስ ሰፊዋ ሻሽ የሰጠችው፤ በዚያው እጇ ነው ሳህኑን የምትገፋላት።

ሲያዳምጥ የቆየው ወንድሟ ወደ ግቢው በር እየሄደ፣ «ብቻ ነገ ጠዋት እንዳትቀሪ» አለ። «አንዴ ቁጭ ብለሽ ትታዪልኝና ትወርጃለሽ።»

በዚህ ወደብ መሬት ነክታ የተጠገነች ጀልባ ላይ ጠጋኙ ቀድሞ ካልተቀመጠ ተሳፋሪ አይገባም። ደንቡን ማን እንዳወጣው የሚያውቅ የለም። ሰዎቹ ፕሮፔለር አይመረምሩም፤ የጠጋኙን መቀመጫ ነው የሚያዩት። መካኒኳ እስካሁን ሳትቀመጥ ያለፈችበት ጊዜ የለም። አሁን ግን እዚያ ጣውላ ላይ ሆና «ግቡ» ማለት፣ ፀጉር የነቀለው ሰው አጠገብ ሆና፣ ከማስመለስ የባሰ መሰላት።

አልሠራም ብላ መተው አሰበች። ግን ማዶ ያለውን ቀጥቃጭ ታውቀዋለች፤ የተሰነጠቀውን በእሳት አቅልጦ፣ ቀለም ቀብቶ «አዲስ ሆነ» ብሎ ነው የሚሰጠው። ስለዚህ ሠራችው። ዘንጉን ቀየረች፤ አዲስ ጎማ ከተተች፤ የአባቷን ፕሮፔለር አስገብታ ዳዶውን አጠበቀች። በጠመኔው ዳግመኛ ስትፈትነው ዙሪያውን እኩል ነጣ። ሥራው እንከን የለውም። እሱም አስጠላት።

ጠዋት ወደቡ ላይ ቅርጫትና ጆንያ የያዘ ሰው ተሰልፎ ጠበቃት። ወንድሟ ጀልባዋ ውስጥ ቆሞ በሁለት እጁ የክብር መቀመጫ ያሳያል። እሷ ግን ዳር ላይ ቆመች።

«ተሠራች ወይ፣ ልጄ?» አሏት ከፊት ያሉት ሽማግሌ።

በሰው ፊት መናገር ያስፈራታል። «ጀልባዋ ደህና ናት» አለች። «እኔ ግን አልቀመጥም። ሰው ከኋላ ቆሞ እያለ ሞተር የሚያስነሳ ሰው ነው የሚነዳት። ይሄን ሳታውቁ እንዳትገቡ ብዬ ነው።»

አንዲት ቅርጫት የተሸከመች ሴት ሳቀች። «ምኑን ነው የምትነግሪን? እኛ አይደለን እንዴ የጎተትነው!»

«ሻሹን የበጠስኩት እኔ ነኝ» አለ ከኋላዋ ያለው፣ እንደ ቀልድ።

«እሱንማ እናውቀዋለን» አሉ ሽማግሌው። «የጠየቅንሽ ስለ ጀልባዋ ነው። ደህና ናት አልሽ፤ በቃ። ገበያው ሊረፍድብን ነው።» አሉና ጆንያቸውን ወረወሩ፣ ገቡም። ሌላው ተከተለ።

ልብስ ሰፊዋ መጨረሻ ላይ መጣች። በዚያ ሙቀት ሹራቧን እስከ አገጯ ቆልፋለች። መካኒኳ ክንዷን ያዘቻት።

«አንቺም ትገቢያለሽ?»

«ሌላ ጀልባ አለ እንዴ፣ እህቴ?» አለች፤ ድምጿ እንደ አሸዋ ነው። እጇን ቀስ ብላ አላቀቀችና ገብታ ከኋላ ተቀመጠች። ሌላ ቦታ አልተረፈም።

ወንድሟ ከንፈሩን በምላሱ አርሶ ጠቀሳት። «አየሽ? አንቺ ብቻ ነሽ ነገር የምታካብጂው።»

ሁሉንም ተጠየፈቻቸው፤ ጠቃሹን፣ ሳቂዎቹን፣ ሽማግሌውን። ወደ ቤቷ ልትሄድ ዞራም ነበር። ከዚያ ጀልባዋ ውስጥ ዘላ ገባች፤ ሞተሩ አጠገብ ያለውን ሳጥን በእግሯ ገፍታ ተቀመጠችና ሞተሩን የሚያጠፋውን ማቆሚያ ያዘች።

«ተመስገን! ተቀመጠች!» ብሎ ወንድሟ አጨበጨበ። ከዚያ ዝቅ ብሎ በጆሮዋ፣ «በቃ፣ ታይተሻል። ውረጂ» አላት።

«አልወርድም።»

«ማዶ ድረስ ልትሄጂ?»

«ማዶም፣ መልስም። ነገም።»

«መጠገኛውስ?»

«ዘግቼዋለሁ። ፊትህን አዙርና ንዳ፤ አፍህ ይሸታል።»