ለኦብዱሊያ የመጣው የእርድ ሳህን

ኑ፣ ወደ ምድጃው ጠጋ በሉና እግራችሁን አሙቁ። ስለ ጎረቤቴ ስለ ኦብዱሊያ ልንገራችሁ።

ኦብዱሊያ ሰማንያን ካለፈች በኋላ ነው አንጀቷ የተቆጣው። ግራ ጎኗን እንደ ምስማር ይወጋት ጀመር፤ ትኩሳትም ተከተለ። ሐኪሙ መጥቶ ሆዷን ዳሰሰና «እማማ፣ አንጀትዎ አብጦ ቆስሏል። ከተማ ወርደው ሆስፒታል ቢተኙ ይሻላል» አላት።

«እኔ ከተኛሁ ኤቫሪስቶን ማን ያበላዋል?»

ኤቫሪስቶ ባሏ ነው። አእምሮው ከሸሸው ቆይቷል። የወለዳቸውን ልጆች እንኳ አያውቅም፤ የሚጠራው የእሷን ስም ብቻ፣ ማንኪያ የሚቀበለውም ከእሷ እጅ ብቻ ነበር።

ሐኪሙ አሰብ አደረገ። «እንግዲያው እቤትዎ እናክምዎት። ነርስ በየቀኑ እየመጣች መድኃኒቱን በደም ሥር ትሰጥዎታለች። ግን ከቀጭን ሾርባ በቀር ምንም አይቅመሱ። ትኩሳቱ ከተመለሰ ደግሞ ሳያድሩ ይደውሉ።» ቃል ገባችለት።

ነርሷ ኡሺያ ትባላለች፤ ቀልደኛ ልጅ ናት። «እማማ፣ ይህን ደም ሥር የት ነው የደበቁት?» ትላለች።

«ቀረጥ ሰብሳቢው ከማያገኘው ቦታ» ትላታለች ኦብዱሊያ።

ሕመሙ ለዘብ እያለ ሳለ የኅዳር እርድ ደረሰ። በእኛ በጋሊሲያ መንደር አሳማ ያረደ ሰው ለየቤቱ ሳህን ያደርሳል። ሳህኑን መመለስ ጠብ መጫር ነው፤ ሳይቀምሱ ማስቀመጥም ያው ነው። ጎረቤታችን ዴልሚሮ በበርበሬ የታሸ ትኩስ ጥብስ ይዞ ገባና አልጋዋ አጠገብ ቆመ።

«ሾርባ ብቻ ነው የተፈቀደልኝ» አለችው።

«ሾርባማ የድመት ነው። አባትሽ ቢሰማ ከመቃብሩ ይነሣል። እስቲ አንዲት ጉርሻ፣ ቤቴን አታሳፍሪው።»

ቀመሰች። እስክትውጥ ቆሞ አያት። ደገመች።

ሲመሽ ብርድ ብርድ አላት። ከደወለች እንደሚወስዷት ስላወቀች ስልኩን አላነሣችም። በማግስቱ ኡሺያ ስትመጣ ኦብዱሊያ ሽርጧን ታጥቃ፣ ግድግዳ ተደግፋ ባሏን ታበላለች። ሆዷ እንደ ጣውላ ደርቋል።

«ለምን አልደወሉም፣ እማማ?»

«ቁርሱን ላብላው ብዬ ነው።»

አምቡላንሱ ሲደርስ እኔም ሮጬ ገባሁ፤ ሽርጧን ፈትታ እኔን አስታጠቀችኝ። «ዝም ብለሽ አብዪው። ወሬ አይወድም፤ አንቺ ደግሞ ታበዢዋለሽ።»

ሐኪሙ ኋላ ዴልሚሮን «ከሥጋው ይሁን ከበሽታው አይታወቅም፤ የጎዳት መዘግየቱ ነው» አለው። ዴልሚሮ ግን ከዚያ እርድ አንድም ጉርሻ አልቀመሰም።

ኤቫሪስቶ አፉን ገጥሞ በር በሩን ያይ ጀመር። ከንፈሩን በውሃ ከማራስ በቀር ምንም ማድረግ አልቻልኩም። ኋላ ረኃቡ አሸነፈውና ከእጄ በላ፤ ከዚያ ወዲያ ከማንም እጅ ይበላ ነበር።

ኦብዱሊያ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ዳነች። ጉንጯ ጎድጉዶ ተመለሰችና ከጎኑ ተቀምጣ ማንኪያውን አነሣች። አፉን ከፈተላት። ስሟን ግን አልጠራም፤ እኔን እንደሚያየኝ አያት። ጥቂት ጠበቀችው።

«ይሁን፣ ብቻ ብላልኝ» አለችና ሳህኑ ባዶ እስኪሆን አበላችው።

ልጆቼ፣ ቤትም ሆስፒታልም በየጊዜያቸው ያድናሉ። የታመመ ስትጠይቁ ሳህን ከመዘርጋታችሁ በፊት «ምን ተፈቅዷል?» በሉ። ብርድ ብርድ ሲለው ካያችሁትም እሺታውን አትጠብቁ፤ እናንተው ደውሉለት። ያን ጊዜ ኦብዱሊያን አስታውሱልኝ።