ለዛፍ የተላኩ ሽማግሌዎች

ገላነሽ ትራም ውስጥ እልል አለች። ወዲያው አፏን በመዳፏ ብትይዝም እልልታ ካመለጠ አመለጠ ነው፤ ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አያት። በስልኳ የደረሳት መልእክት ከላቦራቶሪ ነበር፤ ጊንሃይም በሚባለው ሰፈር የተገኘችው ዛፍ ንጹሕ ዘር ናት፣ ዲቃላ አይደለችም።

ነገሩን ከሥሩ እንያዘው። ገላነሽ በመድኃኒት ባለሙያነት ኖራ ጡረታ ከወጣች ወዲህ፣ ሽቫርትስፓፐል የሚባለውን የጀርመን አገር ጥቁር የፓፐል ዛፍ ከመጥፋት ለማዳን የተሰባሰቡ በጎ ፈቃደኞችን ትመራለች። የዚህ ዛፍ ወንዱም ሴቷም ለየብቻ ነው የሚበቅሉት። ሴቷ በሰኔ ጥጥ ስለምትበትን ሰው እየተማረረ ቆርጦ ሊጨርሳት ደረሰ፤ የቀረውም ከውጭ ከመጣ ዝርያ ጋር ተዳቅሎ ማንነቱ ጠፋ። ሽቫንሃይም በሚባል ሌላ ሰፈር፣ ማይን ወንዝ ዳር፣ አንድ ንጹሕ ወንድ ዛፍ ቀርቷል። እሱም አርጅቶ፣ ውስጡ ባዶ ሆኖ፣ መንገዱ ላይ ስላዘነበለ በመጪው መኸር ይቆረጣል ተብሎ ተወስኗል።

ከቅርንጫፉ ቆርጦ መትከል ይቻላል፤ ያ ግን ራሱን መድገም እንጂ መውለድ አይደለም። ገላነሽ ደግሞ ያ ሽማግሌ ዛፍ ልጅ ሳያይ እንዲሄድ አልወደደችም። ዓመታት ሙሉ ሚስት ስትፈልግለት በመክረሟ ጓደኞቿ "ዛፍ ዳሪዋ" የሚል ስም አወጡላት። አሁን ግን ሙሽሪት ተገኘች! ሙሽራውም ቀያይ አበቦቹን አንጠልጥሎ ቆሟል፤ ጥቂት ቀን ካለፈ ብናኙን ነፋስ ይወስደዋል። የመጨረሻው አበባው ነው፤ ብናኙ ሳይበተን ተወስዶ የሙሽሪት አበባ ላይ መነስነስ አለበት።

በማግሥቱ ቡድኑ ከዛፉ ሥር ሲሰበሰብ፣ ዮርግ የተባለው ጀርመናዊ የደን ባለሙያ ፊቱን አጨፍግጎ መጣ።

"ለጊንሃይሟ ዛፍ ባለቤት ለሄር ቮልራት ደውዬ ነበር። ናይን፣ አይሆንም ብለው ስልኩን ዘጉብኝ። ጎረቤቶቻቸው በጥጡ ምክንያት ትቆረጥ እያሉ ስላስመረሯቸው፣ ስለ ዛፏ የሚያነሳባቸውን ሰው ማየት አይፈልጉም" አለ።

"በስልክ?" አሉ ጋሽ ገናናው። ጋሽ ገናናው ድሮ ተማሪ፣ በኋላ መሐንዲስ፣ አሁን ደግሞ የቡድኑ ትልቁ አፍ ናቸው። "የሰው ልጅ በስልክ ትጠየቃለች እንዴ? እኔም ብሆን ናይን ነው የምለው!"

"ታዲያ ምን ይሻላል ጋሼ?" አለች ገላነሽ።

"ሽማግሌ ይላካ!"

ዮርግ ሲተረጎምለት ራሱን ነቀነቀ። "ናይን ማለት ናይን ነው" አለ።

"ልጅቷ ራሷ ካለችው ልክ ነህ" አሉት ሐጂ ኣልኣሚን፣ ከከረን መጥተው እዚሁ ፋብሪካ ውስጥ ያረጁት ኤርትራዊ። "የአባት የመጀመሪያ ናይን ግን 'ሂዱና ተመለሱ' ማለት ነው፤ ወላሂ።"

ሁሉም ሳቀ። ሳቁ ሲበርድ ግን ሐሳቡ አልበረደም። ጋሽ ገናናው ሴት ሽማግሌ አይታወቅም ብለው ሊያስቀሯት ቢሞክሩ፣ ገላነሽ "የልጁ እናት እኔ ነኝ፤ ያለ እኔ ማንን ልትድሩ ነው?" ብላ ቀድማቸው ተነሳች።

ጋሽ ገናናው፣ ሐጂና ገላነሽ ክታቸውን ለብሰው በትራም እስከ ባንሆፍ፣ ከባቡር ጣቢያው ደግሞ በኡባን፣ በምድር ውስጡ ባቡር፣ ተሳፍረው ጊንሃይም ወረዱ። ከረጅሙ የቴሌቪዥን ማማ ወዲህ፣ ከአንድ አሮጌ ግቢ መሐል ሙሽሪት ብቅ ብላ ታየች። ግንዷ ጠምበለል ያለ፣ ራሷ ሰፊ። "አቤት ቁመና!" አሉ ሐጂ።

በሩን የከፈቱት ሹራብ የለበሱ ቀጭን አዛውንት ነበሩ።

"ሄር ቮልራት" አሉ ጋሽ ገናናው በጠራ ጀርመንኛ፣ "ልጅዎን ለልጃችን ልንለምን መጥተናል።"

"ልጅ የለኝም።"

ገላነሽ በጣቷ ወደ ላይ አመለከተች። አዛውንቱ ቀና ብለው ዛፋቸውን አዩ፤ ሦስቱን አዩ። "ናይን" አሉና በሩን ዘጉት።

ገላነሽ ልትመለስ ወደ መንገዱ ዞረች። ጋሽ ገናናው ግን እጃቸውን እያፋተጉ፣ "ግሩም ነው! በራቸውን ከፍተው፣ ዓይናችንን አይተው ነው እምቢ ያሉት" አሉ።

"በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል አባት ልጁ እንከን አለባት" ሲሉ ሐጂ አጸኑት።

ከዚያ በኋላ ገላነሽ እንቅልፍ የላትም፤ ጠዋት ማታ ወንዝ ዳር ወርዳ አበባውን ትዳስሳለች። ነፋስ ሲነሳ እሷም አብራ ትነሳለች። ብናኙ ጣቷን ቢጫ ባደረገበት ቀን ሁለቱን ሽማግሌዎች አጣድፋ ጊንሃይም አደረሰቻቸው።

ገና ደወሉን ሳይነኩ በሩ ተከፈተ። ሄር ቮልራት በመስኮት ሲያዩዋቸው ኖሯል።

"መቼም አትተዉኝም። በሉ ግቡና ተቀመጡ" አሉ፣ ከዛፏ ሥር ያለውን አግዳሚ እያሳዩ።

"ገብተን እንቆማለን እንጂ አንቀመጥም" አሉ ጋሽ ገናናው። "በእኛ ወግ ሽማግሌ የሚቀመጠው አባት እሺ ሲል ነው።"

አዛውንቱም አልተቀመጡም። "ለመሆኑ ሙሽራው ማነው?"

ገላነሽ አንድ እርምጃ ቀረበች። "የማይን ዳር ልጅ ነው" አለች።

"ዘሩስ?"

"በላቦራቶሪ ተጣርቷል፤ እስከ ሰባት ቤት ቢቆጠር ንጹሕ ነው" አሉ ሐጂ።

"ጤናውስ?"

"ጤናውማ ዓለት ነው!" አሉ ጋሽ ገናናው። ሽማግሌ የላኪውን ነውር አይናገርምና ጥፋታቸው አልነበረም።

ገላነሽ ግን አልቻለችም። "አይደለም" አለች። ሐጂ በጉሮሯቸው አጉረመረሙ፣ ጋሽ ገናናው ዓይናቸውን አፈጠጡባት፤ እሷ ቀጠለች። "ውስጡ ባዶ ነው። በመኸር ይቆርጡታል። የመጨረሻ አበባው ነው፤ ልጅም የለውም። ከእርስዎ ዛፍ አንዲት ቅርንጫፍ አንቆርጥም፤ ሙሽራውን፣ ብናኙን ማለቴ ነው፣ እኛው ይዘነው እንመጣለን። በሰኔ ጥጡን ብቻ ይስጡን።"

"ጥጡን?"

"ዘሩ እኮ ጥጡ ውስጥ ነው።"

"ጥጡን ትፈልጋላችሁ?" አሉ እንደገና፣ ድምፃቸው ተለውጦ። "ሚስቴ ከሞተች ጀምሮ በየዓመቱ ቤት ለቤት እየዞርኩ ስለ ጥጡ ይቅርታ ስጠይቅ ነው የኖርኩት።"

ፊታቸውን አዙረው ቤት ገቡ። በሩም ተዘጋ።

"እውነት ተናገርሽና ልጁን ቆሞ ቀር አደረግሽው" አሉ ጋሽ ገናናው በሹክሹክታ። ገላነሽ እንባዋ መጣ፤ ሙሽራውን ራሷ ያሳጣችው መሰላት። ወዲያው ከውስጥ እንጨት ከወለል ጋር ሲፋተግ ተሰማ። በሩ በጀርባ ተገፍቶ ተከፈተና ሄር ቮልራት ሦስት የምግብ ጠረጴዛ ወንበሮች እየጎተቱ ብቅ አሉ። አንድ በአንድ ከዛፏ ሥር ደረደሯቸው፣ ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ።

"ተቀመጡ" አሉ።

ገላነሽ ከመቀመጧ በፊት እልልታዋን ለቀቀችው። ያን ጊዜ መዳፍ የሚባል ነገር ትዝም አላላት። ሐጂ ፊታቸውን በሁለት እጃቸው አበሱ፤ ጋሽ ገናናው ወንበራቸው ላይ ተደላድለው እንደ አማች ተኮፈሱ። ከአጥሩ ማዶ መስኮት ተከፍቶ አንድ ጎልማሳ አንገቱን አወጣ።

"ሄር ቮልራት! ምን ተፈጠረ? በመጨረሻ ዛፉ ሊቆረጥ ነው?"

"ልትዳር ነው!" ብለው ጮኹ አዛውንቱ። "ሙሽራው ነገ ጠዋት በትራም ይመጣል። ከረባት አድርገህ ና፤ የእኛ ወገን አንሷል!"