የማለ ምላስ

«አፍዎን በደንብ ይክፈቱ» አለ ድሬሰሩ ጅብሪል። ፈረንጁ ሀኪም በባትሪ እያበራ የሣህሌን ምላስ በፋሻ ይዞ ወደ ጎን ሳበው። ከዐቢይ ጾም በፊት የሽምብራ ፍሬ ያህል የነበረው ቁስል አሁን ግማሽ ምላሱን በልቶ ወደ መንጋጋው ወርዷል። ሀኪሙ የአንገቱን እብጠት ዳበሰና ለጅብሪል በእንግሊዝኛ ብዙ ነገር ነገረው።

ሣህሌ ከዲክሲስ አሰላ ድረስ በበቅሎ የመጣው ለመዳን ብቻ አልነበረም። አምና ጎረቤቱ ሀብተ ማርያም «ድንበሬን ገፋ» ብሎ ከሶት፣ ምስክር ሲጠፋ ዳኛው ነገሩ በመሐላ ይለይ ብለው ፈረዱ። ሣህሌም ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ቆሞ «ድንበር አልገፋሁም፤ ውሸት ከሆነ ምላሴ ይበስብስ» ሲል ማለ። የማለው እውነቱን ነበር። በገበያ ዋጋ ዋሽቶ ያውቅ ይሆናል፤ በመሐላ ግን አልዋሸም። ምን ያደርጋል፣ ዓመት ሳይሞላ ምላሱ በሰበሰ። አገር ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈልጋል? የሰው አፍ መቼም ሥራ አይፈታም። ልጁን ተሻለችን ያጩት ሰዎች እንኳ «መሐላ ከበላው ቤት ሙሽራ አንወስድም» ብለው ቀሩ።

«ነቀርሳ ነው» አለ ጅብሪል ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እንዲህ የሚፈጥነው ብዙ አያጋጥምም ይላል ሀኪሙ። አዲስ አበባ ሄደው ምላስዎ መቆረጥ አለበት። ቢቆረጥም ላይተርፉ ይችላሉ።»

ሣህሌ ደስ አለው። ጅብሪል ያልገባው መስሎት በኦሮምኛ ደገመለት። በሚገባ ገብቶታል፤ እርግማን ሳይሆን በሽታ ነው። እየተኮላተፈ፣ ይህንኑ ደጅ ለተቀመጠችው ሚስቱ ለአባይነሽ እንዲነግርለት ለመነው።

ጅብሪል ከሣህሌ ጋር ወጥቶ፣ ነቀርሳ ጻድቁንም ኃጥኡንም እንደሚይዝ አስረዳት። አባይነሽ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሰማችው፤ አለቀሰች። ከዚያ ቀና ብላ ባሏን አየችው።

«ታዲያ ነቀርሳውን ማን ላከብዎ?»

በአንድ ማዕድ የበላችው ሴት ካላመነችው ማን ሊያምነው ነው? ምላሱ ተቆርጦ ቢመለስ «ይኸው፣ ደረሰበት» ይላሉ፤ ቢሞትም ልጁ የእሱን ስም ተሸክማ ቆማ ትቀራለች። እውነቱ ለማንም አልበጀም።

«ልጅቷን ያስቡ» አለች አባይነሽ። «በሐሰት ምያለሁ ብለው መሬቱን ቢመልሱ፣ ንስሐ አባታችን ይፈቱዎታል። ሰዎቹም ይመለሳሉ።»

ጅብሪል፣ የአዲስ አበባው አውቶቡስ ሊነሳ ነው፣ ቶሎ ይበሉ አላቸው። ሣህሌ በቅሎው ወደታሰረችበት ሄደ።

«ምላሴ ሳለ ቤት እንግባ» አለ፣ ደም የቀላቀለ ምራቁን ዋጥ አድርጎ። «ሽማግሌዎቹን አስጠሪ። ድንበሩ የሀብተ ማርያም ነው፤ ዋሽቼ ነበር።»

አባይነሽ ጎንበስ ብላ ጉልበቱን ሳመች። ቁስሉ ከወጣ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አመነችው።