በተዘጋ ጋቢና

ሂዳያ እህል በረንዳ አጠገብ ብርድ ልብስ ትሸጣለች። ሐምሌ ሲገባ ገበያዋ ይደራል፤ ደረቷ ግን ይብስባታል። አስም አለባት። የዚያን ማክሰኞ ጠዋት ሱቋን ልትከፍት ስትመጣ፣ ከጎጃም ጤፍ የጫነ አይሱዙ በሯ ላይ ቆሞ አገኘችው። ሞተሩ አልጠፋም። የጭስ ማውጫው ወደ ሱቋ ዞሮ ይተፋል።

ግማሽ ሰዓት ያህል ቻለችው። ሳሉ ሲያጣድፋት ሻሿን አፏ ላይ አድርጋ ወጣችና የጋቢናውን በር አንኳኳች። መስታወቱን ዝቅ ያደረጉት ስልሳ ያለፋቸው፣ ጋቢ የደረቡ ሹፌር ነበሩ።

"ጋሼ፣ በአላህ ሞተሩን ያጥፉልኝ። አስም አለብኝ፤ ጭሱ ገደለኝ።"

"ይቅርታ እህቴ። ሸራውን ሳስር ዝናቡ አበስብሶኝ ብርዱ አላስቀምጥ ቢለኝ ነው።"

"አያራግፉም እንዴ?"

"በዝናብ ጤፍ ማን ያወርዳል? እስኪያባራ ጠብቅ ተብያለሁ።" የናፍጣውን መጠን የሚያሳየውን መርፌ አዩና ቁልፉን አዞሩት። "ይሁን፤ ናፍጣውም ለመመለሻ አይበቃኝም። ይገረም እባላለሁ። አይዞሽ፣ ሁለተኛ አላስነሳውም።"

ዝናቡ ግን አላባራም። ከቀትር በኋላ ጭራሽ በረዶ ቀላቀለ። ሂዳያ ዙህር ሰግዳ ስትመለስ ቀና ብላ ጋቢናውን አየችው። መስታወቶቹ ሁሉ ተዘግተዋል። አንድ ወፍራም ብርድ ልብስ ልውሰድላቸው ብላ ከመደርደሪያ አወረደች። ወዲያው ደንበኛ ገባ። ያንን ስታስተናግድ ሌላ መጣ፤ ብርድ ልብሱ ባንኮኒው ላይ ቀረ።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ በረንዳው ጥግ ሻይ የምትሸጠው ታንጉት ላስቲክ ተከናንባ መጣች።

"ሂዳያ፣ ሹፌሩ ሲወርዱ አላየሽም? ምድጃዬን ወስደው ቀሩ።"

"የምን ምድጃ?"

"የከሰሉን ነዋ! ምሳዬን ላሙቅበት አሉኝ፤ ከነፍሙ ሰጠኋቸው። ይኸው ከሰዓት በላይ ሆነው።"

"የት ወሰዱት?"

"ወደ ጋቢናቸው።"

ሂዳያ የደሴ ልጅ ናት። በልጅነቷ፣ ግቢያቸው ውስጥ ተከራይተው የነበሩ ሙሽሮች በክረምት ከሰል አስገብተው በር እንደዘጉ ቀርተዋል። በሩ ሲሰበር እዚያው ነበረች። የሙሽራዋ አዲስ ጫማ ደጃፉ ላይ ተደርድሮ እንደነበር እስከ ዛሬ አልረሳችውም።

በሩጫ ወጣች። "ጋሼ! ጋሽ ይገረም!" በሩን በሁለት እጇ ደበደበችው። መልስ የለም። መወጣጫው ላይ ቆማ መስታወቱን በእጅጌዋ ጠረገችው፤ ጉሙ ግን ከውስጥ ነው። በጭላንጭል የጋቢውን ጥለትና መሪው ላይ የተደፋ ራስ አየች። እጀታውን ሳበችው። ተቆልፏል።

"ኢስሀቅ! መዶሻ! ቶሎ በል!"

ጎረቤቷ የቆርቆሮ ነጋዴው ኢስሀቅ መዶሻ ይዞ መጣና መኪናው ሥር ሲደርስ አመነታ። "የሰው መስታወት ልሰብር?"

"ስበረው! ሰውየው እየሞቱ ነው!"

በወዲያኛው በኩል ዞሮ ሰበረው። ለብ ያለ፣ የታፈነ አየር ወጣ። ሂዳያ ተከትላው ዞራ፣ ትንፋሿን ይዛ እጇን አስገባችና ቁልፉን ከፈተች፤ ምድጃው ከወንበሩ ሥር ፍሙ አመድ ለብሶ ተቀምጧል። ኢስሀቅና ሁለት ወዛደሮች ሽማግሌውን ጎትተው አወረዷቸው። በረዶው ፊታቸው ላይ ሲወርድባቸው እንኳ አይናቸውን አልገለጡም። ይተነፍሳሉ፤ ግን በጣም በቀስታ።

ታክሲ በዚያ ጭንቅንቅ አይታሰብም። በእቃ ጋሪ ላይ አጋድመዋቸው ወደ ጤና ጣቢያ ገፏቸው። ሂዳያ እጃቸውን እንደያዘች ከጎን ትሮጣለች። ደረቷ ያፏጫል። "ያ አላህ፣ በኔ ሰበብ አታድርገው" ትላለች፤ ደግማ ደጋግማ።

ኦክስጅን አደረጉላቸው። ነርሷ መዝገብ ይዛ መጣች።

"ምንሽ ናቸው?"

"ሞተር አጥፉ ያልኳቸው እኔ ነኝ" አለች ሂዳያ።

ጋሽ ይገረም ከአንድ ሰዓት በኋላ አይናቸውን ገለጡ። አስመለሳቸው፤ ራሴን አሉ። እየቆዩ ግን ስማቸውንም ቀኑንም በትክክል ተናገሩ። እዚሁ ይደሩ ቢባሉ "የሰው ጤፍ መንገድ ላይ ጥዬ?" ብለው እምቢ አሉ፤ ሲመሽ ፈርመው ወጡ።

ታንጉት፣ ኢስሀቅና ሂዳያ ጋቢናው ላይ ተረባረቡ። እርጥቡን ልብስ አስወልቀው የኢስሀቅን ሱሪና ሹራብ አለበሷቸው። ወለሉ ላይ ካርቶን አነጠፉ፤ ከወንበሩ ጀርባና በበሮቹ ላይ ብርድ ልብስ ጋረዱ። ታንጉት የፈላ ውሃ በሁለት ጀሪካን ሞልታ በጨርቅ ጠቅልላ እግራቸው ሥር አደረገችላቸው። የተሰበረውን መስኮት ኢስሀቅ በላስቲክ ሸፈነው፤ ከላይ ግን አየር እንዲገባ አራት ጣት ያህል ተወለት።

"ብርድ ልብስ ሻጭ ነኝ እኮ፣ ጋሼ" አለች ሂዳያ። "ላመጣልዎት አውርጄው ነበር።"

"ሞተር አጥፋ አልሽኝ እንጂ ከሰል አስገባ አላልሽኝም። ሠላሳ ዓመት ስነዳ እንደማይሆን አውቃለሁ። ብርዱ ነው ያቄለኝ።"

ስልክ ቁጥራቸውን ተቀብላ ወደ ቤቷ ሄደች። እንቅልፍ በአይኗ አልዞረም። ብርዱ አላስችል ብሏቸው ደግመው ከሰል አስገብተው፣ ላስቲኩንም ሙሉ በሙሉ ዘግተውት ቢሆንስ? ጠዋት ታክሲ ውስጥ ሆና ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ላይ ስትደርስ ደወለች። የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አይችሉም አላት። ደግማ ሞከረች፤ ያው ነው። መንገዱ ተዘጋግቷል። ወረደችና በጭቃው እየተንሸራተተች በእግሯ ገሰገሰች።

ደረሰች። የጋቢናው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ውስጡ ሰው የለም።

የመኪናውን ጎን ተደግፋ ቆመች።

"ሂዳያ! አባራ እኮ!"

ቀና አለች። ጋሽ ይገረም ጭነቱ ላይ ወጥተው ከወዛደሮቹ ጋር ሸራ ይፈታሉ።

"ስልክዎትስ?"

"ባትሪው አልቆ ዘጋ።"

"ይውረዱ!" ብላ ጮኸች። "አሁኑኑ ይውረዱ! ትናንት ሞቶ የተነሳ ሰው ጆንያ ላይ ይወጣል?"

ወዛደሮቹ ሳቁ። እሷ ግን አልሳቀችም፤ እርጥቡ መወጣጫ ላይ ቁጭ ብላ፣ ሽማግሌው እስኪወርዱ ድረስ ታለቅስ ነበር።