መስኮት ላይ የተለጠፈችው ሐኪም

አጎቷ በደወለ ቁጥር ማሳረጊያው አንድ ነበር፤ «እዚያው ቅሪ የኔ ልጅ። እዚህ ምን አለና?»

ሰፈሩ «ማር ምላሱ» የሚለው ያለ ነገር አይደለም። ሲናገር ያባብላል፣ ሲያባብል ይወስዳል። የወንድሙን መነጽር ቤት የወሰደውም እንዲሁ ነው። አባቷ በሞተ ማግስት እናቷን «አንቺ እረፊ፣ እኔ እሮጥልሻለሁ» ብሎ ከባንኮኒው ጀርባ አስነሳት፤ እንደተነሳች ቀረች። ልጅቷን ደግሞ የትምህርት ዕድል አፈላልጎ፣ ሻንጣዋን ራሱ ተሸክሞ ባሕር ማዶ ሸኛት። ደግ ሰው ተባለ።

የዓይን ምርመራ ተማረች። ስትጨርስ መምህሯ ከምርመራ ክፍሉ አጠገብ አንድ ባዶ ጠረጴዛ አሳይቷት «ያንቺ ነው» አላት። እሺ ልትል ምንም አልቀራት። እናቷ የደወለችው ያን ጊዜ ነው።

«ፎቶሽን መስኮቱ ላይ ለጥፎታል፤ ያንን የምርቃቱን። አሳድጎ አሳድጎ በር አክለሻል።»

«ምን ብሎ?»

«‹ሐኪማችን› ብሎ። ሰው ሲጠይቀው ‹በቅርቡ ትገባለች፣ እስከዚያ እኔ ልይልዎት› ይላል። ነጭ ጋዋን ለብሶልሻል።»

«እሱ? ዓይን ሊያይ?»

«ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን እሱ የሰጣትን መነጽር አድርጋ ደረጃ ስታ ወደቀች። የተኮራረፈችው ግን ከእኔ ጋር ነው፤ ‹የልጅሽን ስም አምኜ ነው የወሰድኩት› ብላ። አትመለስም ብሎ እኮ ነው እንዲህ የደፈረሽ።»

መምህሯን አመስግና ጠረጴዛውን ተወችው። ጓደኞቿ ሲመለሱ ስለ ወገን፣ ስለ አፈር ያወራሉ። እሷ የምትመለሰው ለአንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ጉድ ልትሠራው።

ከእናቷ ጋር መነጽር ቤቱ ስትገባ አግዳሚው በተረኛ ሞልቷል።

«የኔ ልጅ! ሳትነግሪን?» አለ አጎቷ፤ ፈገግታው ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ።

«እርስዎ ነግረውልኝ የለ ጋሼ? ይኸው፣ ስንቱ ሰው ይጠብቀኛል።»

ተረኞቹ አንዴ መስኮቱን አንዴ እሷን አዩ። «ራሷ ናት!» አለች ልብስ ሰፊዋ። ውጪልኝ እንዳይላት፣ ሐኪማችን ያላት እሱው ነው።

«ጋዋኑን» አለች እጇን ዘርግታ።

«እቤት እንነጋገር» ሲል አንሾካሾከ።

«ሥራ ላይ ነኝ እኮ ጋሼ።»

የጋዋኑን ቁልፎች መፍታት ጀመረ። የመጨረሻው እምቢ ብሎት ሲታገል የረዳው የለም። እናቷ ባንኮኒው ጀርባ ገብታ ቆመች።

ሐኪሟ ጋዋኑን ለብሳ የልብስ ሰፊዋን ዓይንና መነጽር ከመረመረች በኋላ ቤቱ እንዲሰማ ጠየቀች፤ «ይሄ ለእርስዎ ዓይን የሚሆን አይደለም እትዬ። ማን ነው የሰጠዎት?»

ልብስ ሰፊዋ በጣቷ አመለከተች።

«በአፍዎ ይንገሩኝ።»

«እሱ ነዋ! እሱ!»

አግዳሚው በሙሉ ዞረ። አጎቷ ወደ በሩ ሊያፈገፍግ ሲል ሁለት ተረኞች ተነስተው መንገዱን ዘጉበት፤ እነሱም አፍንጫቸው ላይ እሱ የሰጣቸውን መነጽር ሰክተዋል።

«በቃሽ ልጄ፣ ይሂድበት» አለች እናቷ በሹክሹክታ።

«ይሂድ፣ እኔ መች ያዝኩት?» አለችና ቀጣዩን ተረኛ ጠራች። ድምጿን ግን አልቀነሰችም።

«ይሄንንስ ማን ነው የሰጠዎት?»